ሰርቨሩን የነቀልኩ ዕለት

የእድራችንን እቃ ቤት ቁልፍ ስረከብ ጠጉሬ ገና ግማሹ ጥቁር ነበር። ከዚያ ወዲህ መካኒሳ ስንት ጊዜ መልኳን ለወጠች፤ ቁልፉ ግን ከአንገቴ አልወረደም። እቃ ቤቱ ውስጥ ሁለት ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አግዳሚዎች፣ ትልልቅ ብረት ድስቶች፣ የውሃ በርሜሎች፣ ለለቅሶ ቤት የሚያስፈልግ ኮተት ሁሉ አለ። እያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ቁጥር አይጠፋኝም።

ደንቡ አጭር ነው። አባል የሆነ ሰው ለሠርግም ለክርስትናም እቃ መዋስ ይችላል፤ ሞት ከመጣ ግን የተዋሰው ሁሉ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። ደንቡን ያወጡት ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሳላዛንፍ ያስከበርኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ በሰፈራችን ፎቅ የሠራ ሰውዬ ለልጁ ክርስትና ስልሳ ወንበር ወስዶ፣ እንግዳ አስቀምጦበት ሳለ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ሄጄ ግቢው መሃል ቆምኩና "ተነሡ" አልኩ። እንግዶቹ ሳህናቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ። ሰውዬው "እትዬ፣ ኧረ ቢያንስ እስኪበሉ!" ቢለኝ "ታዲያ ሟቹን ቆይተህ ሙት ልበለው?" አልኩት። ወንበሬን አስጭኜ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም፤ ግድም ሰጥቶኝ አያውቅም።

ኋላ የሆነውን ለመናገር ከዚህ መነሣት አለብኝ።

የልጅ ልጄ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያደገችው በእኔ እጅ ነው፤ እማዬ ትለኛለች፣ እኔም ልጄ እላታለሁ። ኮምፒውተር ተምራ ተመረቀች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጋ አጣች። እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ብላ በእድሩ አዳራሽ የሰፈሩን ወጣቶች ማስተማር ጀመረች። አንድ መሥሪያ ቤት የጣላቸውን ሰባት አሮጌ ኮምፒውተሮች ለምና አመጣች። አሥራ ሁለት ተማሪ ተመዘገበ። አብዛኞቹ ሥራ ፈት ነበሩ፤ አንዷ ብቻ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ኮምፒውተሮቹን የሰጠው መሥሪያ ቤት "ከአምስት ሳምንት በኋላ ፈተና እንሰጣለን፤ ያለፈውን እንቀጥራለን" አለ። ፈተናው እስክሪብቶ ተይዞ የሚጻፍ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። ያን ሰሞን የልጄ ፊት እንዴት በርቶ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ችግሩ ኮምፒውተሮቹ ባዶ መሆናቸው ነበር። የሚማሩበት ሶፍትዌር ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። እሱ ደግሞ አንድ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ጥቅሎች ናቸው። አንዱ ጥቅል ሌላውን ይፈልጋል፣ ያኛው ደግሞ ሌላ ሦስት ይፈልጋል። ተማሪዎቹ በየስልካቸው ሊያወርዱ ሞከሩ። ሰባቱም ኮምፒውተር ያንኑ ነገር ለየብቻው ሲጠባ መስመሩ ይታነቃል፤ አንዱም ሳይጨርስ የስልኩ ዳታ ያልቃል።

አንድ ቀን ከአዳራሽ ስትመለስ "እማዬ፣ እቃ ቤቱን አስፈቅጂልኝ" አለችኝ።

"ምን ልታደርጊበት?"

"ሰርቨር ላስቀምጥበት።"

"ምንድን ነው ደግሞ እሱ?"

"ጥቅሎቹን ሁሉ አንዴ አውርዶ የሚይዝ ኮምፒውተር ነው። ከዚያ በኋላ የእኛዎቹ ኢንተርኔት ሳይፈልጉ ከእሱ ይወስዳሉ። አሁን እኮ ሰባት ሰው ለየራሱ እንስራ ተሸክሞ ወንዝ ይወርዳል በይው። አንድ በርሜል ሞልተን ደጃችን ብናስቀምጥስ?"

"ሲቀዱት አያልቅም?"

"ይሄ ቢቀዱት አይጎድልም።"

"እንደዚያ ያለ እቃ በእቃ ቤቴ ኖሮ አያውቅም" አልኳት። ሳቀች። ስሙን ሪፖዚተሪ አለችው፤ እኔ ጎተራ አልኩት። በኋላ ተማሪዎቹም ጎተራ ይሉት ጀመር።

እቃ ቤቱን የመረጠችው የሚቆለፍ ክፍል እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ደግሞም ከመንገዱ ማዶ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር። መንገድ ሊሰፋ ነውና ቤቱ ይፈርሳል ተብሎ ባለቤቱ እቃውን ይሸክፍ ነበር። "እስክወጣ ድረስ መስመሬን ሳቢ፤ ሲሠራ ይዋል፣ ሲሠራ ይደር" አላት፤ እግዜር ይስጠው። ግን ቀኑም የታወቀ ነው፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ይወጣል። ጎተራው ከዚያ በፊት መሙላት አለበት። ከዚያ በኋላ መስመር የለም፤ መስመር ከሌለ ትምህርት የለም፤ ፈተናውም ለእነዚያ ልጆች በሩቁ የሚያልፍ ነገር ይሆናል።

መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ እንዳይጎዳ ባትሪ ያስፈልገዋል አለችኝ። እድሩ ለድንኳን አምፖልና ለድምፅ ማጉያ የገዛው ባትሪ ነበር፤ ቁጥሩ አሥራ አራት። ረጅሙ የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ ቁጥር አሥራ አምስት። ሁለቱንም መዝገብ ላይ አስፈርሜ አዋስኳት።

"የልጅ ልጄ ነሽ ብዬ የምለውጠው ደንብ የለም" አልኳት። "ሞት ከመጣ ይመለሳል።"

"አውቃለሁ እማዬ። ግን ሳትነግሪኝ እንዳትነቅዪው። ይቺ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ከተነቀለ ጥቅሎቹን የሚይዘው ዲስክ ይሞታል፤ ያገለገለ ነው። እኔ መጥቼ በሥርዓት አጠፋዋለሁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።"

"እሺ" አልኳት።

ጎተራው መሙላት ጀመረ። እኔ ጠዋት ጠዋት እቃ ቤት ገብቼ ድስት መካከል እቀመጥና የማራገቢያውን ድምፅ እሰማለሁ። ልጅቷ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፋ ከመቶ ስንት እንደደረሰ ትጽፍበታለች። ተማሪዎቹ እያለፉ ያነባሉ። "እማማ፣ ሠላሳ ገባ እኮ!" ይሉኛል፣ እኔ የሞላሁት ይመስል። አንዱ ቀልደኛ "እማማ፣ በደንብ ጠቅጥቂው እንጂ፤ ጤፍ እንኳ ሲጠቀጥቁት ቦታ ያተርፋል" አለኝ። እኔም ሳላውቀው መጓጓት ጀምሬ ነበር። በእርጅናዬ ሲሞላ ለማየት የጓጓሁት ነገር ያ ብቻ ነው።

ከእድሩ ኮሚቴ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ በዚያ ሳምንት በር ላይ አገኘኝ።

"እትዬ፣ እቃ ቤቱ የቤተ ዘመድ ሱቅ ሆነ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ሰው ነዋ።"

"ሰው ስም የለውም?"

"የእኔ ልጅ ለልደት ባትሪ ቢጠይቅ የለም ተባለ። ለካስ ባትሪው እንቁላል ታቅፏል!"

"ፈርማ ነው የወሰደችው። ሞት ሲመጣ ትመልሳለች።"

"እሱንማ እናያለን" ብሎ ኮቱን አስተካክሎ ሄደ። ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ማንም አዳላች ብሎኝ አያውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ወረቀቱ ላይ ሰማንያ ስምንት ተጽፏል። ልጄ ጠዋት ስትወጣ "ነገ ይሞላል እማዬ። እኔ መርካቶ ሄጄ ሌላ ዲስክ ልፈልግ፤ ቅጂ ካልያዝንለት አደጋ ነው" አለችኝ። ሻይዋን በቁሟ ጠጣችና ሄደች።

አራት ሰዓት ላይ ጥሩምባው ተነፋ።

የሞተው በአንድ ጅምር ሕንፃ ዘበኛ የነበረ ሰው ነው። ከገጠር መጥቶ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። እድሩ ውስጥ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ዘመድ የለውም። ብዙ ሰው ስሙን እንኳ አያውቀውም ነበር።

አራት ወጣቶች ጋሪ ይዘው መጡ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ በርሜሉን እየጠራሁ አወጣሁላቸው። ከእነሱ አንዱ ሰርቨሩን አየና "ማዘር፣ ይሄ ይቆይ። አምፖሉን ከጎረቤት እንስባለን" አለኝ። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሟል።  ዓይኑን ባትሪው ላይ ጥሏል።

ስልክ ደወልኩ፤ ልጄ ዘግታለች። እንደገና ደወልኩ፤ ያው ነው።

"ትንሽ እንጠብቃት" አለ ወጣቱ።

ባለፎቁን አንድ ጉርሻ እንኳ አልጠበቅኩትም። ታዲያ ለዘበኛው፣ ዘመድ ለሌለው ሰው ሲሆን፣ ለዚያውም የገዛ ልጄ ስለሆነች ልጠብቅ? እንደዚህ ነበር ያሰብኩት። ፍትሕ ብቻ ነበር ብዬ መጻፍ ብችል ደስ ባለኝ፤ የዚያ ሰውዬ ዓይንም ነበረበት። "ቁጥር አሥራ አራትና አሥራ አምስት ይወጣሉ" አልኩ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ነቀልኩት። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ትል ነበር፤ አይቻታለሁ። ማራገቢያው እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰና ዝም አለ። ባትሪውን ለወጣቱ አሸከምኩት። ሾፌሩ ከበሩ ገለል ብሎ አሳለፋቸው።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል። ከአከራዩ ቤት በተሳበ ሽቦ ሦስት አምፖል በርቷል። ባትሪው ጥግ ላይ ተቀምጦ አንዱ የውሃ ጆግ አስቀምጦበታል። ለዚያች ጥቂት ለቀስተኛ ድምፅ ማጉያም የሚፈልግ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያንን ጆግ አየሁት። ባትሪውን አንድም ቀን ማንም አልሰካውም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጄ ድንኳኑ ድረስ መጣች። በትከሻዋ ቦርሳ አንግታለች፤ ዲስኩን አግኝታለች። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ ሰርቨሩ ምን ሆኖ ነው?"

"ነቀልኩት።"

"መብራቷ ቆማ ነበር?"

"አልቆመችም።"

ተነሥታ ሄደች። ተከተልኳት። ከባለ ኢንተርኔቱ ሌላ ገመድ ለምና ሰካች፤ አበራችው። ሰርቨሩ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ቆመ። እንደገና አበራችው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠችው። አጠፋች፣ አበራች። እኔ ባዶውን የድስት መደርደሪያ ተደግፌ ቆምኩ።

"አይነሣም?"

"አይነሣም።"

"ደውዬ ነበር። ዘግተሽ ነበር።"

"ታክሲ ውስጥ ስልኬ ቻርጅ ጨርሶ ጠፋ።" ዞራ አላየችኝም። "አምስት ደቂቃ ነበር ያልኩሽ።"

"ደንቡን ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። ፈርሜያለሁ።" ቀጥላ "የሟቹ ድንኳን መብራት አጥቶ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"አላጣም።"

እሺ እንደሚል ሰው ራሷን ነቀነቀች። ብትጮህብኝ ምንኛ በተሻለኝ።

አዲሱን ዲስክ አስገብታ ከዜሮ ጀመረች። ከረቡዕ ማታ እስከ ቅዳሜ ምን ያህል ነው? ባለ ኢንተርኔቱ "እስከ ሰኞ እለምናቸዋለሁ" ብሏት ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን አፍራሾቹ ጣራው ላይ ወጥተዋል። ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣና "ይቅርታ ማዘር፤ ቆርቆሮውን ከላዬ እየገፈፉት ነው" አለኝ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል። መስመሩን በክንዱ ላይ እየጠቀለለ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ሠላሳ አንድ ተጽፎ ቀረ።

ሠላሳ አንድም ቢሆን የሚረባ ነገር ያለበት መስሎኝ ነበር። ጎተራ ሲሶውም ቢሞላ ሲሶ ያበላል። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ልትጭን ሞከረች፤ ይህ ጥቅል ያንን ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ የለም ይላታል። ሌላ ሞከረች፤ ያው ነው። ምሰሶና ገመድ የሌለው ድንኳን በለው፤ ሸራው ሞልቶ ሰው አያስጠልልም። ሌላ ቦታ መስመር ልትለምን ብስራተ ገብርኤል ድረስ በእግሯ ዞረች። ቀንና ሌሊት ሰርቨር የሚያስቀምጥላት አላገኘችም፤ በሰዓት ክፈዪ ያሏት አሉ፣ በዚያ ሒሳብ ለስንት ቀን?

ፈተናው ደረሰ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣለች ያስተማረቻቸው ሰባት ልጆች ሄዱ። ከተቀሩት አብዛኞቹ እንደማይችሉት አውቀው ቀሩ። ያለፈ የለም። ከፈተናው ሲመለሱ በአዳራሹ በኩል ሲያልፉ አየኋቸው፤ ያ ቀልደኛው ልጅ ሰላም ብሎኝ ቀልድ ሳይጨምርበት አለፈ።

ለተማሪዎቹ ልጄ የነገረቻቸው "ዲስኩ አሮጌ ስለነበር ተበላሸ፤ እስኪስተካከል ታገሡ" ብላ ነው። ስሜን አላነሣችም። ይሄ ነው የበላኝ። በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። "ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ የአሥራ ሁለት ልጆች ነገር በእጄ ተበላሽቷል፤ ቅጡኝ" አልኩ። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን አገላበጠና "እትዬ፣ የጣሱት ደንብ የቱ ነው?" አለኝ። የጣስኩት አልነበረም። ሾፌሩ እጁን አወጣ። ሊያጣጥለኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ ማለት ይቻላል። እሱ ግን "እንዲያውም ምስጋና ይገባቸዋል" አለ። "ለገዛ ልጃቸው እንኳ አላዳሉም። እኔ በአፌ በድያቸው ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።" አዳራሹ አጨበጨበ። የዘበኛውም ሚስት ጥቁሯን እንደለበሰች ኋላ ተቀምጣ ታጨበጭብ ነበር። እኔ መሃል ቆሜ እጄን የማደርግበት አጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያ ጭብጨባ ያዋረደኝ ስድብ የለም።

ልጄ አሁን ፉሪ በኩል አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ወረቀት ትለጥፋለች። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ደክሟት ትገባለች። አብረን እንበላለን። ስለዚያ ነገር ባነሣ "ተዪው እማዬ፣ ዲስኩ አሮጌ ነበር" ትለኛለች። እንዳትዋሽ የቀጣኋት ልጅ ናት፤ አሁን እኔን ብላ ትዋሻለች፣ እኔም ውሸቷን እቀበላታለሁ። ሰርቨሩ እቃ ቤት ነው። ኮምፒውተሮቹን መሥሪያ ቤቱ አልጠየቀንም፤ ሸራ ደርበንባቸዋል።

ባለፈው እሑድ እቃ ቤቱን ስጠርግ ያቺ ሰው ቤት የምትሠራው ልጅ መጣች። አሠሪዋ የምትለቃት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ብቻ ነው። የፈተናው ዕለት አልተፈቀደላትም፤ ስለዚህ አልወደቀችም፣ አላለፈችም። በብብቷ የታጠፈ ካርቶን ይዛለች። ዘርግታ አሳየችኝ። የኮምፒውተሩን የፊደል መምቻ በሙሉ በእስክሪብቶ ሥላበታለች፤ ፊደሉ በየቦታው፣ ቁጥሩ ከላይ። ከሥራ በተረፋት ሰዓት ጣቷን እያስኬደች ትለማመድበታለች። መሃሉ በጣት ወዝ ጠቁሯል።

"ጎተራው ሲሞላ እጄ እንዳይረሳ ብዬ ነው እማማ" አለችኝ። "መቼ ይጀመራል?"

እስኪስተካከል ማለት እችል ነበር። ይህቺ ልጅ ያለቻት ግን አንዲት እሑድ ናት፤ እሷንም በከንቱ ስታባክናት ልይ?

"አይሞላም" አልኳት። "መስመሩ የለም። ትምህርቱም የለም።"

"ዲስኩ አሮጌ ሆኖ ነው አሉን።"

"አሮጌ ነበር። የነቀልኩት ግን እኔ ነኝ። ሲሠራ፣ መብራቱን እያየሁ።"

"ለምን?"

ስለ ዘበኛው ነገርኳት። ስለ ደንቡ፣ ስለ ባትሪው፣ በላዩ ስለተቀመጠው ጆግም ሳልደብቅ ነገርኳት።  

"ሰውዬውንማ አውቀው ነበር" አለች። "ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ ይለኝ ነበር። ነፍስ ይማር።"

ካርቶኑን በሁለት አጠፈችው፤ እንደገና አጠፈችው። መጥረጊያዬን ተደግፌ አያታለሁ። ትቆጣኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።

"ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆንዎታል እማማ" ብላ ዘረጋችልኝ። "ደረቅ ነው፤ ቶሎ ይይዛል።"

ተቀበልኳት።